ጥላውን ዝቅ አድርገው

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ኮምፒውተሮችን ያየ ሰው፣ ብዙዎቹ ከፊት ለፊታቸው «ቱርቦ» የሚል ቁልፍ እንደነበራቸው ያስታውስ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አንባቢን አላሰለችም።) ስሙ የፍጥነት ስም ነው። ሰው የሚፈልገው ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ለማዘግየት ነበር። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርትዝ ይሠራ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ብዙ ጨዋታ ሠሪዎች ደግሞ ኮምፒውተር እስከ ዘላለሙ በዚሁ ፍጥነት የሚሄድ ይመስል የጨዋታቸውን እርምጃ ከፕሮሰሰሩ ምት ጋር አሰሩት። ፈጣን ማሽን ሲመጣ ጨዋታውም አብሮ አበደ። ጠላት ብቅ ከማለቱ ተጫዋቹ ሞቷል። ስለዚህ ባለቤቱ ቱርቦውን ያጠፋና፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን አዲስ ማሽን እንደ አሮጌው እንዲያዘግም ያደርገዋል።

ያን ጊዜ ማሽኑ ነበር ለጨዋታው ዝቅ የሚለው። በኋላ ነገሩ ተገለበጠና ጨዋታው ለማሽኑ ዝቅ ማለትን ተማረ። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ትምህርት ነው፤ አሁን አሁን እየተረሳ ስለሆነም ጭምር።

ፒሲ ከጅምሩ አንድ ማሽን አይደለም። ኔንቲዶ የሚሸጠው ሳጥን በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ውስጥ ቢገባም ያው አንድ ሳጥን ነው፤ ለእሱ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ፒሲ ግን እንደየሰው ኪስ ነው። አንዱ 386 አለው፣ ጎረቤቱ 486፣ ሌላው ከመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ምኑም የማይታወቅ ነገር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ጨዋታ እንዴት ይሠራል?

በዲሴምበር 1993 አይዲ ሶፍትዌር የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ዱምን ሲለቅ፣ የፕሮግራሙ ዋና መሐንዲስ ጆን ካርማክ ለጥያቄው ሁለት ቀላል መልሶች ይዞ ነበር። አንደኛው፣ የመቀነስ ምልክቱን ስትጫን ጨዋታው የሚታይበት መስኮት እየጠበበ ይሄዳል፤ ዙሪያው በጌጥ ይሞላል። ሁለተኛው ኤፍ 5 የምትባለው ቁልፍ ናት። እሷን ስትነካ ኮምፒውተሩ በአግድም የሚስላቸውን ነጥቦች በግማሽ ይቀንስና እያንዳንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ ያስቀምጠዋል። ሙሉው ስክሪን 320 በ200፣ ማለትም 64,000 ነጥብ ብቻ በነበረበት ዘመን ከዚያ ላይ ግማሹን መተው ቀላል ነገር አይደለም፤ ግድግዳው የተቆለለ ጡብ ይመስላል። ግን ይሄዳል! 386 ያለው ልጅም ያንኑ ኮሪደር ይሮጣል፣ ያንኑ ጭራቅ ይገድላል። የጨዋታው ፍጥነት ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር ስለታሰረ (በሰከንድ 35 እርምጃ)፣ ማሽን ቢፈጥንም ቢዘገይም የዱም አንድ ሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው። የቱርቦ ቁልፍ ዘመን በዚህ ዓይነቱ አሠራር ነው የተሻረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የተወራ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። በ1996 ክዌክ መጣ፤ በዚያው ዓመት ስሪዲኤፍኤክስ ቩዱ የተባለውን ካርድ አወጣ፤ በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን «የዓለም የመጀመሪያው ጂፒዩ» ብሎ ሸጠ፤ ብዙም ሳይቆይ የስሪዲኤፍኤክስን አብዛኛውን ንብረት ገዛ። ካርድ መቀየር ፋሽን ሆነ። እዚህ ላይ ግን ተረስቶ የቀረ አንድ ወገን አለ፤ ባለ ላፕቶፑ። የዴስክቶፕ ባለቤት ጨዋታ ሲከብደው ሳጥኑን ከፍቶ ካርድ ይቀይራል። ባለ ላፕቶፑ ምን ይቀይራል? ሴቲንጉን! ሌላ በእጁ ያለ ነገር የለም። በ2005 የወጣውና በየላፕቶፑ የተሰገሰገው የኢንቴል ጂኤምኤ 950 ግራፊክስ፣ ከስሌቱ አንዱን ትልቅ ክፍል ራሱ መሥራት ስለማይችል ለፕሮሰሰሩ ይተውለት ነበር፤ የራሱ ሜሞሪም ስለሌለው ከኮምፒውተሩ ራም ላይ እየተበደረ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ የሴቲንግ ገጹ ቅንጦት አይደለም፣ መግቢያ በር ነው።

በ2007 ክራይሲስ ወጣ። የጀርመኑ ክራይቴክ የሠራው ይህ ጨዋታ ሴቲንጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ በጊዜው ገበያ ላይ የነበረውን ውድ ማሽን ሁሉ አንበረከከ። «ክራይሲስን ይከፍታል?» የሚለው ጥያቄ አዲስ ኮምፒውተር በታየ ቁጥር የሚነሳ ቀልድ ሆኖ ዓመታት ቆየ። ኩባንያውን የመሠረተው ጀቫት ዬርሊ በኋላ እንዳስረዳው፣ ያ ከፍተኛው ደረጃ ለወደፊት ማሽን የታሰበ ነበር፤ ጨዋታው ከዓመታት በኋላ ሲከፈት እንዳያረጅ። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ግን ስንቱ ነው? አብዛኛው «ቬሪ ሃይ» የሚለውን አይቶ «የኔ ማሽን ለምን አይችለውም?» ብሎ አዘነ። ያ ደረጃ በይፋ የተፈቀደው ዊንዶውስ ቪስታ ላለው ሰው ብቻ እንደነበርም አይዘነጋም። ነገር ግን ተጫዋቾች የጨዋታውን የሴቲንግ ፋይል በእጃቸው ከፍተው ቁጥሮቹን ሲቀይሩ፣ አብዛኛው ውበት በአሮጌው ኤክስፒም ላይ ብቅ አለ። የሴቲንግ ገጽ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴም እጁን ያስገባበታል ማለት ነው።

የደረጃዎቹ ስምም ቢሆን ተንኮል አለበት። የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ የአባቱ ወንድም የላከለት ላፕቶፕ አለው። ለቢሮ ሥራ የተሠራ ጥሩ ማሽን ነው፤ ለጨዋታ ግን የታሰበ አይደለም። አንድ ቅዳሜ እቤታቸው ስሄድ ልጁ ተጫዋቹ እየተንቀረፈፈ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ፣ ሁሉን ነገር «አልትራ» ላይ አድርጎ ይታገላል። ዝቅ አድርገው ብለው፣ «ጋሼ፣ ሎው ላይማ ካደረግኩት ምኑን ተጫወትኩት!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ «ዝቅተኛ» ተብሎ መጠራትን ማን ይወዳል? ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ውበቱን ሲያሳድድ ጨዋታውን አጥቶታል። አጠገቡ ቁጭ አልኩና አንድ በአንድ እያየን ወረድን።

መጀመሪያ የነካነው ጥላውን ነው። ሰው ጥላ ምን ወጪ አለው ይላል። አለው እንጂ! በ1978 ላንስ ዊሊያምስ የተባለ ተመራማሪ ያቀረበውና እስከ ዛሬ በብዙ ጨዋታ ውስጥ የሚሠራው ዘዴ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሥፍራውን በቅድሚያ ብርሃኑ ባለበት ቦታ ቆሞ እንደሚያይ አድርጎ ያሰላል። ከዚያ ሆኖ የማይታየው ነገር ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ በተጫዋቹ ዓይን እንደገና ይስለዋል። እንግዲህ አንዱን ሥዕል ለማሳየት ሁለት ጊዜ፣ መብራቱ ከበዛም ከዚያ በላይ ይደክማል። ጥላውን ከአልትራ ወደ መካከለኛ ስናወርደው የጥላው ጠርዝ ትንሽ ደነዘዘ፤ ልጁ ልዩነቱን ፈልጎ አጣው። ፍጥነቱን ግን ወዲያው አየ።

ቀጥሎ ሪዞሉሽን። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠራንለት፤ 1920 በ1080 ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ነው፤ 1280 በ720 ደግሞ 921,600። ከግማሽ በታች! በትንሽ የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ሥዕሉ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ጨዋታው ያው ነው። የካርማክ ኤፍ 5 ማለት ይኸው ነው፣ ቁጥሩ አደገ እንጂ። የግድግዳና የልብስ ዝርዝር የሚወስነውን ቴክስቸር ግን አልነካነውም፤ እሱ በአብዛኛው የሚበላው ሜሞሪ ነውና ሜሞሪው እስከበቃ ድረስ ዝቅ ቢያደርጉት ውበቱን ማጣት ብቻ ነው ትርፉ።

መጨረሻ ላይ ልጁ በፍጹም ያልተቀበለኝ ነገር መጣ፤ ፍሬሙን በሰከንድ 30 ላይ ማሰር። «ለምን 50 እየሄደ 30 ላይ አስረዋለሁ?» ይላል። ቁጥሩ ያታልላል። 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 30 ማለት 33.3። ማሽኑ አንዱን ሥዕል በ17፣ ተከታዩን በ45፣ ሌላውን በ20 የሚያወጣ ከሆነ አማካዩ ደህና ይመስላል፤ ዓይን ግን የሚያየው አማካዩን ሳይሆን መንገጫገጩን ነው። እኩል እኩል የሚመጣ 30 እየተንገጫገጨ ከሚመጣ 50 ይሻላል። ለላፕቶፕ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሙቀት። ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥሩ ይሮጣል፤ ሲግል ግን ራሱን እንዳያቃጥል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ቻርጀሩ ሲነቀል፣ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪውን ለመቆጠብ ይበልጥ ይቀንሳል። እንግዲህ አንተ ካላሰርከው እሱ ራሱን ያስራል፤ ያውም ባልፈለግከው ሰዓት። (አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወት ደግሞ የማሽኑን አፍንጫ መድፈን ነው። ይህን የተናገርኩት ለእናቱ ነው፤ የሰማችኝ እሷ ብቻ ናት።)

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የትህትና ታሪክ ነው። አሁን ወደ ቅያሜዬ ልምጣ።

ኤንቪዲያ በ2018 ዲኤልኤስኤስ የተባለ ዘዴ አስተዋወቀ። ጨዋታው በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ይሰላና የቀረውን ነጥብ የሰለጠነ ፕሮግራም ገምቶ ይሞላዋል። ዘዴው የሚሠራው በራሱ በኤንቪዲያ አዳዲስ ካርዶች ብቻ ነበር። በ2021 ኤኤምዲ ኤፍኤስአር ብሎ ያወጣው ግን በአሮጌ ካርድም፣ በተወዳዳሪው ካርድም ላይ እንዲሠራ የተፈቀደ ነው። ለባለ ላፕቶፑ እንዲህ ያለ ስጦታ ተገኝቶ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ግን ምን ሆነ? ለደካማው የተዘረጋውን ምርኩዝ ጠንካራው ነጠቀው። በ2023 አለን ዌክ 2 ሲወጣ የማሽን መስፈርቱን የሚያሳየው ሰንጠረዥ ከዝቅተኛው ረድፍ ጀምሮ ይህን ዘዴ መጠቀምን አስቀድሞ የቆጠረ ነበር። ትርፍ የነበረው ፍጥነት ገና ከፋብሪካው ተበልቶ መጣ ማለት ነው። ባለ አሮጌ ማሽኑ ዝቅ ሲል ከታች ቀድሞት የተቀመጠ ሰው አገኘ።

በሜይ 2025 ያ የቴክሳሱ አይዲ ሶፍትዌር ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስን አወጣ። ካርማክ ከኩባንያው ከወጣ በ2013 ነው። አዲሱ ዱም ብርሃንን በሬይ ትሬሲንግ፣ ማለትም የጨረርን ጉዞ እየተከተለ ያሰላል፤ ይህን የሚያሰላ ክፍል የሌለው ካርድ ጨዋታውን አይከፍትም። የሠሪዎቹን ምክንያት እረዳለሁ። ብርሃኑን በየክፍሉ አስቀድመው አስልተው ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር፤ አሁን ያ ሥራ ወደ ተጫዋቹ ማሽን ተዛወረ፣ እነሱም ጊዜ ተረፋቸው። የተረፈው ጊዜ ግን የማን ነው? የሂሳቡ ከፋይስ? በጨዋታው የሴቲንግ ገጽ ላይ ብዙ የሚነካካ ነገር አለ፤ ጥላውም ዝቅ ይላል፤ ሬይ ትሬሲንጉን የሚያጠፋ ቁልፍ ግን አልተቀመጠም።

የ1993ቱን ዱም የፕሮግራም ጽሑፍ ኩባንያው በ1997 ለሕዝብ በነፃ ለቆት ስለነበር ያላረፈበት ማሽን የለም፤ በ2014 አንድ የደህንነት ተመራማሪ የካኖን ፕሪንተር ትንሿ ስክሪን ላይ ሳይቀር አስኪዶታል። የእህቴ ልጅ አዲሱ በላፕቶፑ ይከፍትለት እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። አይከፍትም። አሮጌው ግን እዚያው ላፕቶፕ ላይ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ፋኑ ሳይጮህ ይሄዳል። ኤፍ 5ም ትሠራለች።