ምሰሶው ሲነሳ

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1940 ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ይደበድቡ ጀመር፤ ድብደባው ስምንት ወር ፈጀ። ሲነጋ የነፍስ አድን ሠራተኛ ፍርስራሽ ሲቆፍር ይውላል።

ታዲያላችሁ፣ ከፍርስራሹ ከወጡት መካከል ሐኪሞቹን ግራ ያጋቡ ነበሩ። አንዱን እንውሰድ፤ ሰውየው እግሩን ምሰሶ ተጭኖት ብዙ ሰዓት ቆይቷል። ሲያወጡት ነፍሱን ያውቃል፣ ያወራል። «ተመስገን፣ ተረፈ!» ይባላል። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ እግሩ ያብጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ፕላዝማ ይሰጡታል፤ ግፊቱ ይመለሳል። አሁንስ ዳነ? የት አባቱ! ሽንቱ ይጠቁራል፣ ያንሳል፣ ይነጥፋል። እግሩን ቢቆርጡለትም ለውጥ የለም። ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል።

ሀመርስሚዝ ሆስፒታል ውስጥ ኤሪክ ባይዋተርስ የሚባል፣ ገና በሠላሳ ዓመቱ ገደማ ያለ ሐኪም ነበር። ነገሩ ከነከነው። ከባልደረባው ከዴዝመንድ ቢል ጋር የአራት ሕሙማንን ታሪክ ጽፈው በማርች 1941 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። አራቱም ሞተዋል። (ይኸው ጉዳት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመንኛ ተጽፎ ነበር፤ በጦርነት ዘመን ግን ማን የማንን ያነባል?)

ገዳዩ ማን ነው? ምሰሶው እንዳትሉኝ። ደም ያልደረሰው ጡንቻ ኦክስጅን ያጣል፤ ሶዲየም የሚያስወጣው፣ ፖታሺየም የሚያስገባው የሴሉ ፓምፕ ጉልበት ያጥረዋል፤ አሲድ ይጠራቀማል። ጡንቻ ይህን ሁለት ሰዓት ያህል ይችለዋል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን አብዛኛው አይመለስም። ምሰሶው እስካለ ድረስ ታዲያ ጉዱ እዚያው እግሩ ውስጥ ታፍኖ ይቆያል።

ጣጣው ምሰሶው ሲነሳ ነው። ደም ይገባል፤ ክፉኛ የተራበን ሰው ድግስ ላይ እንደ መልቀቅ ነው። የናፈቀው ኦክስጅን ራሱ በተጎዳው ሴል ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያበላሹ ቅንጣቶችን ይወልዳል። ካልሲየም ይጎርፋል፤ የሴሉ ሽፋን ይቀደዳል። ነጭ የደም ሴሎችም ጠላት የገባ መስሏቸው ይዘምታሉ፤ የሚያቆስሉት የገዛ ወገናቸውን ነው። እግሩ እያበጠ የደሙን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ግፊቱን የጣለው ይሄ ነው።

የሚመለሰው ደም ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ፖታሺየሙን ለልብ ያደርሳል፤ ልብ ድንገት ልትቆም ትችላለች። ማዮግሎቢን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ለኩላሊት ያደርሳል፤ ሽንቱን ያጠቆረው፣ የኩላሊቱን ቀጫጭን ቱቦዎች የደፈነው እሱ ነው። የተዘጋ የልብ ደም ሥር ሲከፈት፣ ኩላሊት ሲተከልም ሐኪሞች የዚህኑ ጉዳት ዘመድ ያገኙታል።

እናም የዛሬ ነፍስ አድን ቢችል ምሰሶውን ለማንሳት አይቸኩልም። ሐኪሙ በፍርስራሹ መሐል ተስቦ ይገባና የተገኘውን ክንድ ይይዛል፤ ለአዋቂ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል የጨው ውሃ በደም ሥሩ ይለቃል። «አንሱ!» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ለዘመድ ይህን ቆሞ ማየት ምጥ ነው፤ አይፈረድበትም።

በ1999 የቱርክ ማርማራ የመሬት መንቀጥቀጥ 639 ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ 477ቱ ዲያሊሲስ (ደምን በመሣሪያ ማጣራት) አስፈለጋቸው። ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው ቱርክ፣ ቢንጎል ላይ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ሐኪሞች ለ16 ተጎጂዎች ፈሳሹን በብዛት ሰጡ፤ ዲያሊሲስ ያስፈለጋቸው 4ቱ ብቻ ነበሩ። እነሱም ፈሳሹ የዘገየባቸው ናቸው።