ስም ተሸሽጎ የተጀመረ ትዳር

በተዋሱት ስምና ማንነት መፋቀርና መጋባት የዛሬ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ልማድ ይምሰል እንጂ በጎንደር የ300 ዓመት ምሳሌ አለው። ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. የነገሡት አፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ስማቸውን ሸሽገው፣ እንደ ተራ መንገደኛ ሀገር ይዞሩ እንደነበር ይተረካል። ዓላማቸው ዳኛው እንዴት እንደሚፈርድ፣ ሕዝቡም ስለ ንጉሡ ምን እንደሚል በጆሯቸው መስማት ነበር። ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ ቋራ ላይ ታመሙ። ያረፉበት ቤት ልጅ አስታመመቻቸው፤ ሲድኑም አገቧት። በኋላ እቴጌ ምንትዋብ የተባሉት እኒህ ወይዘሮ ናቸው።

በካፋ ማንነትን መሸሸግ የለመዱት ከመንገሣቸው በፊት ነው። የታላቁ አፄ ኢያሱ ልጅ ቢሆኑም፣ በዘመኑ ሥርዓት የነጋሢ ዘር የሚጠበቀው በወህኒ አምባ ስለነበር እሳቸውም እዚያ ታሰሩ። ከአምባው አምልጠው በኦሮሞዎች መካከል እንደኖሩና በካፋ የሚለው ስም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ተይዘው ሲመለሱ፣ አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥምና፣ ከአፍንጫቸው ጫፍ ተቆረጠ ይባላል። ዘውዱ ግን በመጨረሻ ለእሳቸው ደረሰ።

ዛሬ ከጎንደር ወደ ቋራ የሚሄድ ሰው አዘዞ ላይ የባሕር ዳሩን መንገድ ትቶ ወደ መተማው ይታጠፋል። አዘዞን ነገሥታቱ ያወቋት ጎንደር ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት ነው፤ አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት፣ የተቀበሩትም እዚያው ነው። ከአዘዞ ወይና ደጋ ወደ ቋራ ቆላ መውረድ የአየር ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የቆላ ንዳድ ለደገኛ መንገደኛ የታወቀ አደጋ ነበር። ስለዚህ የትረካው ሕመም ከአካባቢው ጠባይ ጋር ይስማማል።

እንግዳ ተቀባይነቱም እንዲሁ። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ራት ይቀርብለታል፤ ስለ ሀገሩና ስለ ዘመዱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሥ ስሙን ሸሽጎ ሊያድር የሚችለው ሥርዓቱ ራሱ ስምን ስለማያስቀድም ነው። በቋራው ቤት የተደረገው ደግነት ለዘውድ ሳይሆን ለታመመ ሰው የተደረገ ነበር፤ ትረካው ትውልድ የተሻገረውም በዚህ ነው።

ጋብቻ ግን በእንግዳ ሥርዓት አይፈጸምም። ሽማግሌ ይላካል፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፣ በሰማንያ ለሚጋቡትም ዋስ ይቆማል። አባቱ ያልታወቀ ሰው ዘሩ አይቆጠርለትም። መንገደኛው ሊታመምና ሊወድ ይችል ነበር፤ ሊያገባ የሚችለው ግን በካፋ ብቻ ነበር። በሙሽራይቱም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አንዳንድ ትረካ የባላገር ልጅ ቢያደርጋትም፣ ምንትዋብ የደጃዝማች መንበርና የወይዘሮ እንኮዬ ልጅ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በታሪክ በሰፊው ይታወቃል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው፤ ምንትዋብ «ምንኛ ውብ ናት» እንደማለት ያለ የአድናቆት ስም ነው። በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበሩ፣ እናት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። የቋራ ዘመዶቻቸው፣ ከሁሉም በላይ ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል፣ የመንግሥቱ ምሰሶ ሆኑ። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠሩ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ አግኝቷቸዋል፤ የቋራውንም ትረካ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፎታል። እቴጌይቱ በ1765 ዓ.ም. አረፉ።

ወደ ዛሬው ጨዋታ ስንመለስ፣ በኮምፒውተር አማካይነት ሌላ ሰው ሆኖ ከብዙዎች ጋር የመጫወት አንዱ ቀደምት ምሳሌ የ1978 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል «መድ» የተባለውን፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በጽሑፍ የሚጫወተውን ጨዋታ ሠሩ። በ1986 የሉካስፊልም «ሃቢታት» ምስል ጨመረበት፤ ተጫዋቾቹም በገጸ ባሕርያቸው ሠርግ ደገሱ። በ2002 የወጣው የኮሪያው «ራግናሮክ ኦንላይን» ጋብቻን የጨዋታው ሕግ አደረገው። ሙሽሮቹ የሠርግ ልብስ፣ ቀለበትና የጨዋታ ገንዘብ ያዘጋጃሉ፤ ከተጋቡ በኋላ አንዱ ሌላውን ካለበት የመጥራት ኃይል ያገኛል። በጃፓኑ «ፋይናል ፋንታሲ 14»ም የጥንዶቹ ቀለበት ለባለቤቱ ወደ ትዳር ጓደኛው መድረሻ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በቋራው ትረካ ስም የተሸሸገው ደጃፍ ላይ ነው፤ ከሠርጉ በፊት ተገልጧል። በጨዋታው ግን ሠርጉ ራሱ በተሸሸገ ስም ይፈጸማል፤ እውነተኛው ስም በኋላ ይነገራል ወይም ጨርሶ አይነገርም። ሁለቱም ተጫዋቾች ነገሩን እንደ ድርሰት ከያዙት ጉዳት የለውም፤ ሁለት ሰዎች አብረው የሚደርሱት ታሪክ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ የገጸ ባሕርዩን ቃል የተጫዋቹ ቃል አድርጎ ሲቀበልና ሌላው ይህን እያወቀ ዝም ሲል ነው።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ለዚህ የራሳቸው ወግ አላቸው። የፍቅር ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ከገጸ ባሕርያቸው ወጥተው በራሳቸው አንደበት ይነጋገራሉ፦ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄዱ፣ በውጭው ዓለም ትዳር እንዳላቸው፣ ታሪኩ በጨዋታው ውስጥ ብቻ እንደሚቀር። ይህ ንግግር ሽማግሌ ወደ ሙሽራ ቤት ሄዶ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ቃል የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ቃሉ ከመሰጠቱ በፊት እንዲታወቅ ያደርጋል።