«የወር አበባ ጽዋ»፦ ስለ አንድ አዲስ ዕቃና ስለ ስሙ

እኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምንኖር ሰዎች የሰፈራችንን ስም በቀን ስንት ጊዜ እየጠራነው፣ ስሙ ራሱ የአንድ ባዕድ ነገር ትርጓሜ መሆኑን ልብ የምንለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። መልእክትን ያለ ሽቦ ከሀገር ወደ ሀገር የሚያደርሰው መሣሪያ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች የፈረንጁን ቃል እንዳለ ከመቀበል ይልቅ የነገሩን ግብር አይተው «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ሰፈሩም በዚያው ስም ተጠርቶ፣ መስኩ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ከሆነ በኋላ እንኳ ስሙ ሳይለቀው እስከ ዛሬ አለ። ይህን ያነሣሁት፣ ዛሬም ስም የሚያሻው ሌላ ዕቃ ወደ ቤታችን እየገባ ስለ ሆነ፣ ስሙም ካልተበጀለት አጠቃቀሙን ለመጠየቅ የሚያፍሩ ብዙ ሴቶች እንዳሉ ስላየሁ ነው።

ዕቃው በወጣቶች አፍ «ካፕ» ይባላል። ጀሞ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ከትንሽ የጨርቅ ከረጢት አውጥታ በመዳፌ ላይ ስታኖርልኝ፣ ከቡና ስኒ ያነሰ፣ ደወል የመሰለ፣ አፉ ክብና ሰፊ፣ ግርጌው ሾጠጥ ብሎ በአጭር ጭራ የሚያልቅ ለስላሳ ዕቃ ሆኖ አገኘሁት፤ የተሠራውም የሕፃናት ጡጦ ጫፍ ከሚሠራበት ከሲሊኮን ነው። ሴቲቱ በወር አበባዋ ጊዜ አጥፋ ወደ ብልቷ ታስገባዋለች፤ በውስጥ ተከፍቶ ከማኅፀን በር የሚወርደውን ደም ይቀበላል፤ ሲሞላ፣ ባይሞላም ቢበዛ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ አውጥታ ትደፋዋለች፣ አጥባም ትመልሰዋለች። በአንድ የወር አበባ የሚፈሰው ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ዕቃውም በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ ደሟ እጅግ ካልበዛባት በቀር ከሥራዋ ወይም ከትምህርቷ ተነሥታ በየሰዓቱ መሮጥ የለባትም። በደንብ ከተያዘም አንዱ ዕቃ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል።

ስሙን ስንፈልግ አስቀድመን ያለንን ሀብት እንቁጠር። «የወር አበባ» የሚለው ስም ደምን አበባ ብሎ የጠራ፣ ከነውር ይልቅ ወደ ፍሬ የሚያመለክት፣ እጅግ ያማረ ስም ነው። የመጽሐፍ ሰዎች ደግሞ «ልማደ አንስት» ይሉታል፤ ሣራ በሸመገለች ጊዜ የተቋረጠባት ይኸው ነው፤ በግእዙም «ትክቶ» የሚል ስም አለው። ወደ መጠበቂያው ዕቃ ስንመጣ ግን ድኾች ነን፤ «ሞደስ» ከማለት በቀር ያበጀነው የረባ ስም የለም፣ እርሱም የአንድ የውጭ ምርት ስም ነበረ፤ ምርቱ ተረስቶ ስሙ ቀረልን።

ለአዲሱ ዕቃ አንዳንዶች «ውታፍ» ቢባልስ ይላሉ። ይህ ስም ያሳስታል፤ ውታፍ የጋን አፍ የሚደፍን ነውና፣ ስሙን የሰማች ልጅ ደሙ ታግዶ ወደ ውስጥ የሚመለስባት ይመስላታል። «ኩባያ» የሚለው ነውር የለበትም፣ ነገር ግን ሻይ ሻይ ይላል፤ «ዋንጫ»ም ጥንት የጠጅ መጠጫ ቀንድ ነበረ፣ ዛሬ ግን ሰው ሲሰማው የሚያስበው ኳስን ነው። እኔ የምመርጠው «የወር አበባ ጽዋ» የሚለውን ነው። ጽዋ ክቡር ደሙ የሚቀርብበት ንዋየ ቅድሳት ስለ ሆነ ቃሉን ለዚህ ማዋል ድፍረት ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ በልማደ አንስት ወራት ከቤተ መቅደስ ሳትገባ ከቅጽሩ ቆማ ታስቀድስ የነበረች እናት ያሳደገችኝ ነኝና፣ ሥጋታቸውን አከብራለሁ። ሆኖም ቃሉ ከመቅደስ ውጭም ብዙ ይዞራል፦ የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ በሕልሙ ወይን የጨመቀበት ዕቃ ጽዋ ነው፤ አንድም የማኅበሩ ጽዋ በወር በወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል፤ አንድም የመከራ ጽዋ እንላለን። በዚህ ሁሉ ጽዋ የግብር ስም ነው፣ ግብሩም መቀበል ነው። ሞደስ ይመጥጣል፤ ጽዋ ግን ይቀበላል፣ ይይዛል፣ ይደፋል።

ምቾቱም የሚገኘው ይህን ልዩነት ከማስተዋል ነው፤ ጽዋ አፉ ካልተከፈተ አይቀበልምና፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማፍሰስና መቆርቆር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ዕቃው በውስጥ ታጥፎ ስለሚቀር ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ዕቃውን በንጹሕ ውኃ አርሶ፣ አፉን ጠፍጠፍ አድርጎ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ነው፤ ፈረንጆች ይህን እጥፋት በራሳቸው ፊደል «ሲ» ይሉታል፣ እኛ ግን ከላይ ስናየው በገበታው መጀመሪያ የቆጠርነውን «ሀ»ን ቁርጥ ስለሚመስል፣ ለልጆቻችን «የሀ እጥፋት» ብለን ብናስተምር በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል። «ሀ» ለሚሰፋባት፣ አንዱን ጠርዝ በጣት ወደ ውስጥ ተጭኖ ጫፉን ማቅጠን ይቻላል። ከዚያም ቁጢጥ ብሎ፣ ወይም አንድ እግርን በርጩማ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሽን እየለቀቁ፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ወደ ጀርባ፣ ወደ ወገብ አጥንት ግርጌ አዘንብሎ ማስገባት ነው። ፍርሃት ጡንቻን ስለሚያጠብቅ፣ ያልሆነላት ሴት መታገል የለባትም፤ ትታ ቆየት ብላ ትሞክር። ከገባ በኋላ ጣትን በግርጌው ዙሪያ ማዞር፣ እጥፋት ከተዳሰሰም ዕቃውን በጥቂቱ ማሽከርከር፣ ያን ጊዜ ይከፈታል።

በደንብ የተቀመጠ ጽዋ አይሰማም። ጭራው የሚቆረቁራት ሴት ዕቃውን አውጥታ ጭራውን በመቀስ ማሳጠር ትችላለች፤ ፊኛዋን የሚጫናትም ለስለስ ያለውን ዓይነት ትፈልግ። የእኅቴ ልጅ በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ አልቅሳም፣ ወደ ከረጢቱ መልሳው ነበር፤ በሦስተኛው ወር ግን ከሥራ ስትመለስ ደውላ «አክስቴ፣ መኖሩንም ረሳሁት» አለችኝ። ሁለትና ሦስት ወር የልምምድ ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ስስ ሞደስ ደርቦ መልበስ ልብን ያሳርፋል።

በማውጣት ጊዜ ጭራውን ይዞ መሳብ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው። ዕቃው ውስጡ አየር አጥሮት ከብልት ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ፣ በኃይል የተሳበ እንደ ሆነ ያሳምማል፤ ስለዚህ ግርጌውን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጎ አየር ማስገባት፣ ቀጥሎም ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ በቀስታ ማውረድ ነው። ከፍ ብሎ የራቃት ሴት እንደሚያምጥ ሰው በጥቂቱ ብትገፋ ይወርድላታል። ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚጠፋ የሚመስላቸው አሉ፤ የማኅፀን በር ደም የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕቃው የሚያልፍበት መንገድ የለውም።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማጠቡ እንዴት ይሆናል ለሚሉ፦ ለአንድ ጊዜ እጥበት ከጀሪካን የተቀዳ አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል፤ እርሱም ከሌለ በንጹሕ ሶፍት ጠርጎ መልሶ ማስገባትና ቤት ሲደርሱ ማጠብ ይቻላል። የወር አበባው ሲያበቃ ግን ለዚሁ ብቻ በተለየች ትንሽ ድስት፣ እናቶች ጡጦ እንደሚያፈሉ፣ ውኃው ዕቃውን አልብሶት 5 ደቂቃ ያህል ይፈላል። በረኪና አይነካውም፣ ሽቱ ያለው ሳሙናም አይስማማውም፤ የሚቀመጠውም አየር በሚያስገባ ጨርቅ እንጂ በታሰረ ፌስታል አይደለም። ለእኅትም ቢሆን አይዋስም።

ሦስት ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ድንግል የሆነች ልጅ ስትጠቀምበት በብልቷ አፍ ያለው ስስ ቆዳ ሊለጠጥ ወይም ሊቀደድ ይችላል፤ ድንግልናን በዚያ ቆዳ መመዘን ስሕተት መሆኑን ሐኪሞች ቢያስረዱም፣ ልጅቱ ይህን አውቃ ራሷ መወሰን አለባት እንጂ ማንም ሊያስገድዳት ወይም ሊያሳፍራት አይገባም። ሉፕ ያስገባች ሴት ደግሞ ዕቃውን ስትስብ ሉፑ አብሮ ሊወጣ ስለሚችል አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታና ራስ ማዞር የተሰማት እንደ ሆነም፣ ይህ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ቢሆንም ብርቱ መመረዝ ሊሆን ይችላልና፣ ጽዋውን አውጥታ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ።

ነገሩ የትናንት አይደለም፤ ሊዮና ቻልመርስ የተባለች አሜሪካዊት ተዋናይት በ1937 እ.ኤ.አ. ከጎማ ለሚሠራ እንዲህ ላለ ዕቃ የፈጠራ መብት አግኝታ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎማ ሲጠፋ ግን ሥራው ተቋረጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ቤተሰብ የወጣ ጥናት 3,319 ሴቶችና ልጃገረዶች የተሳተፉባቸውን 43 ጥናቶች መርምሮ፣ ከለመዱት መካከል ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሊቀጥሉበት እንደ ወደዱ ገልጧል። በሀገራችንም ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በመቐለ ባቋቋሙት፣ በልጃቸው ስም ማርያም ሰባ በተባለው ፋብሪካ፣ ታጥቦ የሚመለስ የጨርቅ መጠበቂያ በማሠራታቸው በዚያው ዓመት በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል፤ ጽዋውም «ኖብል ካፕ» በሚል ስም ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ገብቷል።

በቅርቡ መካኒሳ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከፊቴ የቆመች የተማሪ ልብስ የለበሰች ልጅ በሹክሹክታ «ሞደስ» አለች፤ ሻጯም በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት። ተራዬ ሲደርስ ድምፄን ሳልቀንስ «የወር አበባ ጽዋ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጯ አሰብ አደረገችና «ካፑን ነው እናቴ?» አለችኝ። እርሱን ነው አልኋት። «የሚገዛላት ሰው ወልዳለች ወይስ አልወለደችም? መጠኑ ይለያያል» ብላ ሁለት ሣጥን አወረደች፤ ልጅቱም ፌስታሏን እንደ ያዘች፣ ከበሩ ሳትወጣ ቆማ ታዳምጥ ነበር።