የፊደል ገበታና የኳስ ሜዳ

የዘመናዊ ትምህርት ታሪካችን በተነሣ ቁጥር ጎልቶ የሚወጣው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ልጆች መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ኋላ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም በአማርኛ፣ ቀጥሎም በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተማሩ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚህ ክርክር ጥላ ሥር ግን ሌላ ታሪክ ተሸፍኖ ቀርቷል። እርሱም ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ወደ ሜዳ ሲወርድ የሚቀስመው ትምህርት ታሪክ ነው። የፊደል ገበታውና የኳስ ሜዳው ወደ አስኮላ የገቡት በአንድ በር ነው፤ ይሁንና አንዱ እንደ ባለቤት፣ ሌላው እንደ እንግዳ ሆነው ኖሩ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአስኮላ በፊት የነበረው ትምህርት አካልን ፈጽሞ የዘነጋ አልነበረም። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስን እያለ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወገቡን እያወዛወዘ ያነባል። ወደ አቋቋም የዘለቀ ተማሪ ደግሞ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ፣ ከከበሮው ጋር እየተራመደና እያሸበሸበ ሌሊቱን ቆሞ ማደርን ይለምዳል። በቁርዓን ቤትም ልጁ ሉሑን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ድምፅ ይቀራል። በእነዚህ ሁሉ ዕውቀት የሚገባው በዓይን ብቻ ሳይሆን በጉሮሮ፣ በትከሻና በእግር ጭምር ነው።

ጨዋታው ግን ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ ነበር። ትግሉ፣ ዝላዩ፣ ዋናው በእረኝነት ሜዳ የሚለመድ ነው። የገና ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው የቡድን ስፖርት ይቀርባል፤ ሁለት ወገን ተሰልፎ፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ፣ ሩሯን ወደ ባላጋራው ወሰን ይመታል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ የልማድ ሕግ ነበረ። ይህ ሕግ ቀላል ነገር አይደለም። ሜዳ ላይ የሚለካው ማዕረግ ሳይሆን ችሎታ ነው የሚለው ሐሳብ፣ እንግሊዛዊም ፈረንሳዊም ሳያስተምረን፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን እናውቀው ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1908 በአዲስ አበባ ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ቤተ ክህነት በአውሮፓውያን መምህራን ላይ ያላትን ጥርጣሬ ለማብረድ ከግብፅ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮችን አስመጡ። ርእሰ መምህሩም ግብፃዊው ሐና ሳሊብ ነበሩ። የትምህርቱ ዝርዝር ፈረንሳይኛን፣ እንግሊዝኛን፣ ጣሊያንኛን፣ ዐረብኛን፣ አማርኛን፣ ግእዝንና ሒሳብን የያዘ ነው። ከእነዚህ ጎን የሰውነት እንቅስቃሴና ስፖርት ተጽፎ ይገኛል። በዝርዝሩ መጨረሻ የተቀመጠው ይህ ትምህርት ለዘመኑ ወላጅ ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ቋንቋ መማር ለጉምሩክ፣ ለባንክ፣ ለመልእክተኛነት እንደሚበጅ ማንም ይረዳል። የመኳንንት ልጅ ተሰልፎ እጁን ወደ ላይ ወደ ታች እንዲያደርግ መታዘዙ ግን ምን ይባላል?

የተባለውን ቃሉ ራሱ ይነግረናል። ሥራቸው ትርጉም የሆነ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ አንድ አገር የውጭ ነገርን ምን ብሎ እንደ ሰየመው መመልከት ነገሩን እንዴት እንደ ተቀበለው ያሳያል። «ስፖርት» የሚለውን ቃል እንዳለ ወስደን አስቀረነው። ለትምህርቱ ግን «ሰውነት ማጎልመሻ» የሚል የራሳችንን ስም አወጣንለት። ጎለመሰ ማለት ከልጅነት ወጣ፣ ጠና፣ ሙሉ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ጎልማሳም ከዚያው ይወጣል። እንግዲህ ስያሜው ስለ ጡንቻ ብቻ አይናገርም። ልጅን ወደ ጎልማሳነት የማድረስ ኃላፊነት በዚህ ክፍለ ጊዜ ትከሻ ላይ ተጭኗል። «አስኮላ» የምንለው ቃል ደግሞ ሥሩ ሲመዘዝ በላቲን በኩል ወደ ግሪክ ይደርሳል፤ በጥንታዊው ግሪክም የመጀመሪያ ፍቺው የዕረፍት ጊዜ፣ ከሥራ ነጻ የሆነ ሰዓት ነበረ። ትምህርት ቤትና ጨዋታ በቃል ታሪክ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

በ1925 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሐኪም ወርቅነህም በኃላፊነት መሩት። የሜዳው ትምህርት ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ ቤት ተማሪዎች አንዱ፣ ይድነቃቸው ተሰማ፣ በሕይወታቸው አስመስክረዋል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ። በ1962 በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አሠልጣኝ ሆነው ኢትዮጵያን ለድል አበቁ፤ በፍጻሜው የተሸነፈችው፣ ግማሽ ምእተ ዓመት ቀደም ብሎ የመጀመሪያዎቹን መምህራን የላከችልን ግብፅ መሆኗ የታሪክ ፈገግታ ነው። ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ የዘር መድልዎ ሥርዓት የነበራት ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሩ ሜዳ እንድትገለልም ታገሉ። ዲፕሎማትም፣ ተናጋሪም፣ ኳስ ተጫዋችም ነበሩ። በእርሳቸው ዘንድ ክፍሉና ሜዳው አልተጣሉም።

ታሪኩ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ከ1936 እስከ 1941 የዘለቀው የፋሺስት ወረራ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹን ፈጀ። ከነጻነት በኋላ ሁሉም እንደ ገና ተጀመረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ የሚለው አደረጃጀት ተተከለ፤ አማርኛም የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። ከ1994ቱ ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተዘረጋ። በዚያ ወቅት ከ3 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ15 ዓመት ውስጥ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ታላቅ ድል ነው። ዋጋ ግን አስከፍሏል። ተማሪውን ለማስተናገድ ትምህርቱ በፈረቃ ተከፈለ፤ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ በመካከል ለጨዋታ የሚተርፍ ሰዓት ጠፋ። አዲስ የመማሪያ ክፍል ማስፋፋት ሲያስፈልግ ቦታ የሚገኘው ከሜዳው ላይ ነው። ፈተና ሲቃረብም ለሒሳብ ማካካሻ የሚሰጠው የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ማንም በአዋጅ አልሻረውም፤ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ተሸራረፈ እንጂ።

ሜዳው ባለቤት ሲያገኝ የሚሆነውን ለማየት ወደ አርሲዋ በቆጂ መሄድ ይበጃል። ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ደጋ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ትራክ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው አቧራማ ሜዳ፣ ጫካና ልጆችን የማስተዋል ዓይን ነው። ደራርቱ ቱሉ በተማሪነቷ በ400 ሜትር ወንዶቹን ጭምር ቀድማ መግባቷ የሩጫን መንገድ እንድትመርጥ አደረጋት። በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1996 በአትላንታ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ በ2008 በቤጂንግ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ አጠለቁ። ሁሉም የዚያው የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። በጎረቤት ኬንያም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በ1976 ወደ ኢተን ቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡት አየርላንዳዊው ኮልም ኦኮነል የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ከሥልጠናቸው ከወጡት አንዱ ዴቪድ ሩዲሻ በ2012 በለንደን የ800 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በሁለቱም ስፍራ ታሪኩን የጀመረው የመንግሥት ዕቅድ ሳይሆን የትምህርት ቤት መምህር ነው።

ነገር ግን ከበቆጂ የምንወስደው ትምህርት ስለ ወርቅ ብቻ ቢሆን ስተናል። ስድሳ ልጆች ባሉበት አንድ አራተኛ ክፍል ውስጥ ለኦሎምፒክ የሚደርስ ልጅ ላይኖር ይችላል። ሜዳው ግን ለስድሳውም ነው። በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ በሜዳ ላይ ጓደኞቹን ሲያሰልፍ ይታያል። አንደኛ የሚወጣው ልጅ መሸነፍን የሚማረው እዚያ ነው። ሴት ልጅ ከወንዱ እንደማታንስ ያለ ክርክር የሚረጋገጠውም በሩጫው መጨረሻ መስመር ላይ ነው፤ የደራርቱ 400 ሜትር ከማንኛውም ንግግር በላይ አስረድቶታል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ6–2–4 አደረጃጀትን መልሶ አምጥቷል። አደረጃጀት ሲለወጥ መጻሕፍት ይታተማሉ፣ ፈተናዎች ይዘጋጃሉ። ሜዳን ግን ማተም አይቻልም፤ ከጠፋ ጠፋ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት አጥር በታጠረ፣ የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ በወጣ ቁጥር ወላጅም መምህርም ሊጠይቀው የሚገባ ቀላል ጥያቄ አለ፤ ልጆቹ የሚጎለምሱበት ቦታና ሰዓት የታለ?