መብራት ሲጠፋ የትኛው መጽሐፍ ይነበባል?

ታብሌት ሊገዛ ያሰበ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? አማርኛውን በትክክል ያሳያል ወይስ ሳጥን ሳጥን ይደረድራል? ዕቃው ቢበላሽ መጽሐፉስ ይተርፋል? አዲስ አበባ ላይ እነዚህ የገበያ ጥያቄዎች ናቸው። ላሊበላ ላይ ግን የታሪክ ጥያቄዎች ናቸው።

የላስታ መጽሐፍ ብራና ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ይዘጋጃል፤ ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ይጽፍበታል፤ ከዚያ ተጠርዞ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል። ለማንበብ የሚፈልገው የቀን ብርሃን ወይም አንድ ጧፍ ብቻ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ለጸሎት ብቻ አልነበረም፤ መዝገብ ቤትም ነበር። ንጉሥ ላሊበላ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጠው መሬት በወንጌል ቅጠሎች ላይ ተጽፎ የተገኘው ለዚህ ነው። ወንጌል ላይ የተጻፈን ውል ማን ደፍሮ ይፍቃል?

ይህን ሀብት በፎቶ የማስቀረት ትልቁ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣም ሳይቋረጥ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቀጥሎ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን አነሣ። የላሊበላና የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም በካሜራው ፊት ተገልጠዋል። ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ተመትተው ከተሰደዱ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርተ ዓመታት ዝርዝሩን ያዘጋጁት እዚያው ነው።

ሥራው ባለውለታ ነው። ሆኖም ማይክሮፊልም ያለ ማንበቢያ መሣሪያ ጥቁር ጥቅልል ነው። መጽሐፉን ከዕቃ ቤት አውጥቶ ለካሜራ የገለጠው የላስታ ቄስ ቅጂውን ከፍቶ የሚያይበት ነገር አልነበረውም። ቅጂው ለተመራማሪ እንጂ ለባለቤቱ አልተሠራም።

ታብሌት በኢትዮጵያ ገጠር ስሙ የተነሣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቦታውም ላስታ ሳይሆን ኦሮሚያ ውስጥ ወንጪና ወለንጪቲ ነበር። በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው ድርጅት የሞቶሮላ ታብሌቶችን ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር፣ ካርቶኑ እንደታሸገ፣ ያለ አስተማሪ ለሕፃናት ሰጠ። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ከፈቱት፤ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር አስከፈቱት ተብሎ ዓለም ተደነቀ። የተጫነው ትምህርት ግን የእንግሊዝኛ ንባብ ነበር። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ምን እንደሚያነቡ የጠየቀ ጥቂት ነው።

በእኛ ፊደል የተጻፈውም የራሱ ጣጣ ነበረበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት መሣሪያ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ስለዚህ ሰው መጽሐፉን ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ መለዋወጥ ያዘ። ስካን ደግሞ ፎቶ ነው፤ በስልክ ሲነበብ ገጹን እያጎሉ ወዲህና ወዲያ መጎተት ይጠይቃል። ታብሌት ከስልክ ለምን ይሻላል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ 10 ኢንች ስክሪን አንድን ገጽ ሙሉውን ያሳያል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ውጊያው ከከተማዋ ከራቀ በኋላም ነዋሪው ለወራት ያለ መብራት ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም ሳይከፈት ቆየ። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት የብራና ቅጂ፣ ሚኒሶታ ላለ ተማሪ በነጻ የሚታየው ሳይቀር፣ ለላስታ ሰው እንደሌለ ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመታ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች የሚገኙት እዚያ ነው። በዲጂታል የቀረቡት ቅጂዎች ከመላው ዓለም ዓይን ለረጅም ጊዜ ጠፉ። ሀብታም ተቋም ነው፣ አይነካም የሚለው እምነት እዚያ ላይ ተሰብሯል።

ካህናቱ ለዲጂታል ቅጂ ያላቸውን ጥርጣሬ ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጅየም ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የተመለሰው። ቅርሱን ፎቶ ማንሣት ለሌባ ማሳየት ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ምክንያት አለው። ከዚህ ላይ የዕቃው ዕድሜ አለ። ብራናው ስምንት መቶ ዓመት ሲኖር የታብሌት ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ይህ ግን ለላስታ እንግዳ ነገር አይደለም። ያረጀ መጽሐፍ ወደ አዲስ ብራና ሲገለበጥ ኖሯል፤ ፋይልም በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ዕቃ መገልበጥ አለበት። ሥራው አንድ ነው፤ ቁም ጸሐፊው ተለወጠ እንጂ።

ስለዚህ ለላሊበላ የሚሆን ታብሌት ውድ መሆን የለበትም። ፋይሉ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ይኑር፤ ሁለተኛ ካርድ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ፤ መሙያው የፀሐይ ይሁን፤ ማን ይከፍተዋል የሚለውን ደግሞ ሰበካ ጉባኤው ይወስን። ፊልሙ አዲስ አበባም ኮሌጅቪልም ተቀምጧል። ካሜራው ከላስታ ከተመለሰ ወዲህ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ ከላስታ የተነሡት ገጾች ወደ ላስታ የሚመለሱበትን ቀን የቅርስ ባለሥልጣኑና ቤተ ክህነቱ ሊቆርጡ ይገባል።