ሙያ በልብ ነው?

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ታላቅ እህቴ ወደ አሜሪካ ልትሄድ ስትሰናዳ፣ እናቴ አንድ ደብተር አስገዛችኝና በረንዳው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፊደል አልቆጠረችም ነበርና ጸሐፊዋ እኔ ነበርሁ።

«የሽሮውን ጻፍ» አለችኝ።

«ሽንኩርት ስንት?»

«እንደ በላተኛው ብዛት።»

«ውሃስ?»

«ሽሮው የሚጠጣውን ያህል።»

«ስንት ደቂቃ ይንተክተክ?»

«ሽታው እስኪለወጥ።»

እርሳሴን አስቀምጬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የጠየቅኋትን ሁሉ መልሳልኛለች። ያ ደብተር እህቴ ዘንድ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በወጥ ተነካክቶና ጠርዙ ተበልቶ እጄ ተመልሶ ገባ። ስለ ምግባችን የተጻፈውን ለቃቅሜ እንዳነብ የገፋፋኝም እሱ ነው።

ስለ ሀበሻ ምግብ ታሪክ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ግብሩን ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ጽፈውት በ1959 ዓ.ም. በአማርኛ በታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ፣ በመስከረም 1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ሲመረቅ የተደረገው ድግስ ተመዝግቧል። ድግሱን ያሰናዱት ገና እቴጌ ያልተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። ወጡ በየዓይነቱ፣ ሥጋውና ጠጁ ተቆጥሮለታል። ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገባና ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ሀገሩን መታው። በሬው ያለቀበት ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ በእርሻው የሚያድረውም በረሃብ ተፈጀ። ግብሩ ታሪክ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የነጋሢን ክብርና ሀብት ያሳያል። ተራው ሰው ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱም የዐቢይ ጾም ቀናት የሚበላው ሽሮ ግን የማንንም ግርማ አያሳይምና ጸሐፊ አልቆመለትም። ሀገር ቀጥ አድርጎ ያቆየው ግን እሱ ነበር።

ያልተጻፈ ነገር ደግሞ «ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነበር» ለመባል ይመቻል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሽምብራ ዘር መንዘሩ ዛሬ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በምንለው ምድር ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በጣም ጥንት ስለሆነ የራሳችን ነው ብንል አያሳፍርም። ሽሮውን የሚያቀላው በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውሮፓም አልነበረም። እንግዲህ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የፈለፈሉት ጠራቢዎች ማታ ቤታቸው ሲገቡ የጠበቃቸው ወጥ ቀይ በርበሬ የነካው አልነበረም። በቆሎና ቲማቲምም እንደ በርበሬው ከዚያው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው ይባላል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ይህን ማወቄ ሽሮውን አላረከሰብኝም። ይልቅስ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ባዕድ ፍሬ ተቀብለው፣ አድርቀው፣ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር አስማምተው፣ ልጅ ልጆቻቸው «ጥንትም የኛ ነበር» እስኪሉ ድረስ ማላመዳቸው ደነቀኝ።

እህቴ በሻንጣዋ የያዘችው ሽሮ ባለቀ ጊዜ ከዋሽንግተን ደብዳቤ ጻፈች። ከሕንዶች ሱቅ የሽምብራ ዱቄት ገዝታ፣ ደብተሩን አጠገቧ ዘርግታ ብትሠራው፣ ጥሬ ጥሬ የሚል ገንፎ ሆነባት። ደብዳቤውን ለእናቴ ሳነብላት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ተቆልቷል ወይ?» አልተቆላም ነበር። የሕንዶቹ ዱቄት ከጥሬ ሽምብራ የሚፈጭ ነው።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ስለ ድስቱ ብቻ ነበር የጠየቅኋት። የእናቴ ልክ ያለው ድስቱ ዘንድ አልነበረም፤ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ነበር። እህሉ ተለቅሞ፣ ፈላ ብሎ፣ ተሰጥቶ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተበጥሮ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ነው ቁናው የሚመጣው፦ ሁለት አተር፣ አንድ ሽምብራ፤ በዚያ ላይ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው እየተሰፈረ። «ምጥን ሽሮ» የምንለው እኮ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የተመጠነ ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የመጠነች ሴት ዕለት ዕለት በስኒ መስፈር አያሻትም። ሴቶቻችን በግምት ይሠራሉ የሚለው ወግ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝኛ የታተሙት የወጥ መጻሕፍትም ያው የእኔ ስሕተት ያለባቸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 ታይም ላይፍ ያሳተመው የሎረንስ ቫን ደር ፖስት «አፍሪካን ኩኪንግ» ዶሮ ወጥንና ንጥር ቅቤን ለባዕድ አንባቢ አስተዋውቋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የዳንኤል ጆቴ መስፍን «ኤግዞቲክ ኢትዮጵያን ኩኪንግ» ወጣ፤ እህቴም ገዛችው። ወጡን በኩባያና በማንኪያ ሰፍሮ ማቅረብ ለስደተኛ ትልቅ ውለታ ነው። በዚያ ዘመን ከታተሙት አንዳንዶቹ እንጀራን በስንዴ ዱቄትና ጋዝ ባለው ውሃ ጋግሩ ይሉ ነበር። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ኋላ ግን አሰብሁበት። ጤፍ አሜሪካ ውስጥ፣ አይዳሆ ላይ፣ ለገበያ መዘራት የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የሌለን እህል ባለው መተካት በርበሬን ያላመዱት እናቶች ካደረጉት በምን ይለያል?

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። እናቴ ያደገችው ፎገራ ነው። ያን ቀን በረንዳው ላይ፣ ስለ አተሩና ስለ ሽምብራው ከተናገረች በኋላ፣ «ጓያ ከጠፋበት ቤት ሽሮ አይጠፋም፤ ግን ነፍሮ አድርገሽ አትብዪው፤ ብቻውንም አይሁን በያት» ብላኝ ነበር። አሜሪካ ጓያ የት ይገኛል ብዬ ሳልጽፈው ቀረሁ። የገበሬ አጉል ፍርሃት መስሎኝም ነበር።

ጓያ ድርቅንም ረግረግንም ይችላል፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ግን፣ ጓያው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውን የሚያድን መድኃኒት የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከድርቅ በኋላ በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት፣ ብዙ ሰው በዚህ ተመታ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው አካባቢውን አጥንተው ውጤቱን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ጥናታቸው፣ ጓያን ቀቅሎ ወይም እሸቱን በጥሬው መብላት አደጋውን እንደሚጨምር፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና ቅመም ካለበት ወጥ ጋር መብላት ግን እንደሚቀንሰው ገለጹ።

ጽሑፉን ሳነብ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። እሷ በሕይወት አልነበረችም። ልነግራት የምፈልገውን ያህል የምጠይቃትም ብዙ ነበር፤ ከማን እንደ ሰማችው፣ ስንት ሰው ሲሽመደመድ አይታ ሰፈሯ ይህን እንደ ተማረ። እኔ የወጡ አሠራር አይደለም ብዬ የዘለልሁት አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከደብተሩ ሁሉ ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ሳይሆን አይቀርም።

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ተረቱ ትዕቢትን ለመግታት ጥሩ ነው፤ ባለቤቱ በሞተ ቀን ግን በልብ ያለው ሁሉ አብሮ ይቀበራል። ድካሙን አሳምሬ ለማቅረብም አልፈልግም፤ ከወፍጮው ሥር ተንበርክካ የፈጨች ሴት ጉልበቷ እንዴት እንደ ነበር እናቴን አይቻለሁ። ዛሬ ሽሮ ተፈጭቶና ታሽጎ ከሱቅ መገዛቱ ለልጆቿ ዕረፍት ነው። ነገር ግን የአሠራሩን ልክ የምታውቅ እናት ወይም አክስት ያለችው አንባቢ፣ ደብተር ይዞ አጠገቧ ቢቀመጥ፣ ከድስቱ ይልቅ ስለ ስጡ ይጠይቅ። ከነገሩ ውጪ የመሰለውንም ይጻፍ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ደብተሩን ልገልብጠው ብላ ጠየቀችኝ። ከመስጠቴ በፊት የጓያውን ነገር በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ፣ በእናቴ አነጋገር፣ ጻፍሁበት።