መብራት ሲሄድ ድምፁ የት ይሄዳል?

አያቴን የቀዳኋቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት አሮጌ ነገር፣ ማይኩም ከመርካቶ የተገዛ ርካሽ። አያቴ መጀመሪያ «ምን ልበል ታዲያ?» እያሉ አፈሩ፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ግን ከተዳሩበት ቀን ጀምረው አርባ ደቂቃ ያህል አወሩ። ልክ ጨዋታው ሲደምቅ መብራት ሄደ።

ማታ ሲመጣ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ የሆነ ጥያቄ ብቅ አለ። ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ፣ ይቀጥል ወይስ ይጥፋ? ነበር የሚለው። እኔ መች አነበብኩት! «ይጥፋ» የሚለውን ተጭኜ ገባሁ። አያቴ በዓመቱ አረፉ። ድምፃቸው የለንም።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በመብራት ሳላክክ ኖርኩ። የነዚህን የድምፅ መቅጃ ፕሮግራሞች ታሪክ ሳነብ ግን ነገሩን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እስቲ ላጫውታችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ጣጣው የሚጀምረው ከፋይሉ ነው። ዌቭ የምንለውን የድምፅ ፋይል ማይክሮሶፍትና አይቢኤም ያወጡት በ1991 ነው። ፋይሉ መጀመሪያው ላይ «ከዚህ በኋላ ይህን ያህል ባይት ድምፅ አለ» የሚል ቁጥር ይይዛል። ታዲያ እየተቀዳ ያለ ድምፅ መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ስለዚህ ብዙ ፕሮግራሞች ቁጥሩን የሚሞሉት ቀረጻው ሲቆም ነው። የዕቁብ ጸሐፊ ድምሩን ለመጨረሻ እንደሚተወው ማለት ነው። ጸሐፊው መሃል ላይ ቢታመም ገንዘቡ አልጠፋም፤ ያልተጻፈው ድምሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ድንገት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። የመጨረሻዋ ጥቂት ሰከንድ ትቀር ይሆናል እንጂ ቀሪው ድምፅ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፤ ፋይሉ ግን «ባዶ ነኝ» ይላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በሲዲ ጥራት የሚቀዳ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው። በስቴሪዮ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይበላል። ያ የመጠን ቁጥር ደግሞ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ብዙ የድሮ ፕሮግራሞች እንዲያውም 2 ጊጋባይት ላይ ይደናበሩ ነበር። ይህም በሲዲ ጥራት ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ሙሉ ቀን ስብሰባ የሚቀዳ ሰው ከሰዓት በኋላ ላይ ጉድ የሚሆነው አንዱ በዚህ ነበር።

የዘመኑ ዊንዶውስም አይታመንም ነበር። በ95 እና በ98 ላይ አንድ ፕሮግራም ወይም የሳውንድ ካርዱ ድራይቨር ሲበላሽ ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ያችን ሰማያዊ ስክሪን የማያስታውስ የለም። በ2001 ኤክስፒ በኤንቲ መሠረት ላይ ተሠርቶ ወደ ቤታችን ሲገባ ፕሮግራሞቹ በየክፍላቸው ተለያዩና ነገሩ ረገብ አለ።

ግን እንግዳ መጣ። የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1996 ቪኤስቲ የተባለውን አሠራር አወጣ፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ኢፌክት በመቅጃው ፕሮግራም ውስጥ መሰካት ተቻለ። ኢፌክቱ የሚያድረው እዚያው ባለቤቱ ቤት ውስጥ ነው። እንግዳው እሳት ቢለኩስ ቤቱ አብሮ ይነዳል። ለዚህ ነው የድሮ ፕሮግራም ሲዘጋጋ መጀመሪያ የሚደረገው ፕለግኢኖቹን በሙሉ አውጥቶ አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር የሆነው።

በዚያ ዘመን ስሙ የገነነው ኩል ኤዲት ነበር። የሠሩት ዴቪድ ጆንስተንና ሮበርት ኤሊሰን ከማይክሮሶፍት የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ኩባንያቸው ሲንትሪሊየም ይባላል። ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ድምፅ በጊዜያዊ ፋይል ያስቀምጥ ስለነበር፣ ዲስኩ ሲሞላ ሥራው ሁሉ ይቆማል። በ2003 አዶቢ በ16.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛውና ኦዲሽን ብሎ ሰየመው።

ኦዳሲቲ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ጀምረው በ2000 በነፃ ለቀቁት። ድምፁን በአንድ ትልቅ ፋይል ከማከማቸት ይልቅ አንድ ሜጋባይት ገደማ በሆኑ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ ቢወድቅ የተጻፉት ቁርጥራጮች ይተርፋሉ። ችግሩ ተጠቃሚው ነው፤ ፕሮጀክቱን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ፎልደሩን ይረሳል፤ ባዶ ይዞ ይሄዳል! ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2021 በወጣው 3.0 ላይ፣ ሁሉም ወደ አንድ ዳታቤዝ ፋይል ተጠቃለለ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። የዚያን ቀን መብራት የአያቴን ድምፅ አልወሰደም። እስከ ማታ ድረስ ዲስኩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፣ በአንድ ክሊክ።

እናንተ ግን እንዲህ አድርጉ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ምንም አታጥፉ፤ በዚያ ዲስክ ላይም አዲስ ነገር አትጻፉ። ጊዜያዊ ፋይሎቹን መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ የማይከፈተውን ፋይል በኦዳሲቲ «ጥሬ ዳታ» ብላችሁ አስገቡት፤ 44,100፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ ብላችሁ ሞክሩ። ከመስማታችሁ በፊት ድምፁን ቀንሱ፤ ቢቱን ከተሳሳታችሁ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ነው የሚወጣው። ተናጋሪው እንደ ጫጩት ከተንጫጫ ቀረጻው ሞኖ ነበር ማለት ነው፤ ቀይሩና ድገሙት።

ከአልጋ ሥር ያለውን አሮጌ ኮምፒዩተር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊትም አንድ ማታ አስነሱትና ዲስኩን ፈትሹ። «ባዶ ነኝ» የሚል ፋይል ካገኛችሁ መጠኑን እዩ። ሜጋባይቱ ከበዛ ውስጡ ሰው አለ።